ጠቅ የሚል ወይስ ዝም የሚል?

አምቦ ላይ ለምናስተምር ሰዎች የኪቦርድ ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም። የአማርኛ ፈተና ስንጽፍ አብዛኛው ፊደል ሁለት ምት ይፈልጋል፤ ቁቤውም ረዥሙን ድምፅ ደርበን እንድንመታ ያስገድደናል። ጣት ይደክማል። የተራው ኪቦርድ ቁልፍ ተጭነነው የሚመለሰው በላስቲክ ነው፤ የሜካኒካሉ ግን እያንዳንዱ በራሱ ሞላ። ታናሽ ወንድማችን ለጌም ብሎ ሰማያዊውን፣ ጠቅ ጠቅ የሚለውን ፈለገ። እኛ ደግሞ የምንጽፈው ከዒሻእ በኋላ፣ ልጆች በተኙበት ቤት ነው! ቀዩ ጠቅታ የለውም፣ በቀላሉ ይወርዳል፤ ለጨዋታም ይስማማል። ገንዘቡ የጋራ ስለሆነ እሱን መረጥን። ጉደርና ጊንጪ ያላችሁ ባልደረቦቻችን፣ ስትገዙ ቁልፉ ያለ ብየዳ ተነቅሎ የሚተካ መሆኑን ጠይቁ፤ አንዱ ሲበላሽ ሙሉውን ከመጣል ያድናል።