ከሰንጋ ተራ እስከ ተግባረ ዕድ

በአዲስ አበባ ከተማ ከሰንጋ ተራ ተነሥቶ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ የሚወርድ ሰው መንገዱ አጭር ስለ ሆነ ሳይደክም ይደርሳል። እኛም ባለፈው ሰሞን ይህንኑ መንገድ ከልጃችን ጋራ በእግራችን ሄድነው። ልጃችን አጠቃላይ ትምህርቷን ፈጽማ የሙያ ትምህርት የምትመርጥበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ነገሩ የብዙ ቤተ ሰብ ጉዳይ ስለ ሆነ ያየነውንና ያሰብነውን ለተከበሩት አንባቢዎቻችን ልንገልጥ ወደድን።

መነሻችን ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነበር። ይህ ትምህርት ቤት ጠላት ከአገራችን ከወጣ በኋላ በ1930ዎቹ ዓመቶች መካከል ተቋቁሞ የሒሳብ መዝገብ አያያዝንና የጽሕፈት መኪናን ሲያስተምር ኖረ፤ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ። በየመሥሪያ ቤቱ በጸሐፊነት ያገለገሉ ብዙ ሴቶች የተማሩት ከዚህ ነው። ዛሬ በአካባቢው የባንኮች ረጃጅም ሕንፃዎች ቆመዋል። እኛም ሕንፃዎቹን እያሳየን «ለሴት ልጅ የሚስማማ ሥራ ይህ ነው» አልናት። እርስዋም በትሕትና «አባባ፥ እስቲ ወደ ታችም ይውረዱና እንይ» አለችን።

ሜክሲኮ አደባባይ የተሰየመው ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ወረራውን ላልተቀበለችው ለሜክሲኮ መታሰቢያ ነው። ከዚያ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ ተግባረ ዕድ ይገኛል። ይህም ትምህርት ቤት ከጎረቤቱ ጋራ የዕድሜ እኩያ ሲሆን የብረታ ብረትን፥ የእንጨትን፥ የኤሌክትሪክንና የአውቶሞቢልን ሥራ ሲያስተምር የኖረ ነው። ስሙ ግዕዝ ነው፤ የእጅ ሥራ ማለት ነው። በ2008 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም አንዱን ጣቢያ በዚሁ ስም ሰይሞታል።

በ1986 ዓ. ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ የሙያ ትምህርት ቤቶች በየክፍለ ሀገሩ በዝተዋል፤ የሴቶቹም ቁጥር በጠቅላላው ከወንዶቹ ጋራ እስኪቀራረብ ድረስ አድጓል። ይህ የሚያስመሰግን ነገር ነው። ነገር ግን በየክፍሉ ሲመረመር ሴቶቹ በመዝገብ አያያዝ፥ በጽሕፈት፥ በልብስ ስፌትና በምግብ ዝግጅት ይበዛሉ፤ በኤሌክትሪክ፥ በብረታ ብረትና በአውቶሞቢል ክፍል ግን ጥቂቶች ናቸው። ምክንያቱም ትምህርቱ በክፍል ውስጥ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ተማሪው በጋራዥና በፋብሪካ እየሠራ መለማመድ አለበት፤ ባለ ጋራዡ ሴት ልጅን ለመቀበል ያመነታል፥ አባትም ለመላክ ይፈራል፥ ልጅቱም ቀድማት የሄደች እኅት አታገኝም።

እኛም ከሚፈሩት አባቶች አንዱ ነበርን። በትምህርት ቤቱ በር ፊት ቆመን «እንዲህ ያለው ሥራ የሴት ሙያ አይደለም» ብንላት ልጃችን ባለፈው ክረምት የሆነውን አሳሰበችን። የቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ተቃጥሎ፥ ሠሪ እስኪመጣ ሦስት ቀን ከጎረቤት እንጀራ ስንለምን ነበር። «እንጀራ መጋገሩ ሙያዬ ከሆነ፥ ምጣዱን ማበጀቱ ስለ ምን ሙያዬ አይሆንም?» አለች። የምንመልሰው ቃል አላገኘንም።

በእውነቱ በቋንቋችን ባለሙያ ሴት የምንላት ወጡን አሳምራ የምትሠራውን ነው። በአገራችን ልማድም ጥጡን ፈትላ ድርና ማግ የምታዘጋጅ ሴት ናት፤ ሸማኔው የሚሸምነው እርስዋ የፈተለችውን ነው። ስለዚህ የሴት እጅ ለጥበብ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። የእጅ ሥራን መናቅም የቆየ ሕመማችን ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው በ1900 ዓ. ም. አዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። ያ አዋጅ ለሸማኔውና ለቀጥቃጩ የተነገረ ቢሆንም፥ ለሴት ልጅ ሲሆን አሁንም በየቤታችን መታሰብ የሚገባው ይመስለናል።

አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ልጃችሁ የምትማረውን ከመምረጣችሁ በፊት እጅዋ ወደ ምን እንደሚያደላ ጠይቋት፤ በምትለማመድበትም ቦታ ክብሯ ተጠብቆ እንድትሠራ ሄዳችሁ እዩላት። እኛ በዚያው ማታ የልጃችንን ማመልከቻ ስንፈርም በክፍሉ ስም ፊት ኤሌክትሪክ የሚለውን ጽፈናል። ምጣዱም ደግሞ ቢቃጠል ሦስት ቀን እንደማንጠብቅ ተስፋ አለን።