በሩን በክረምት አትላጉት

ሐምሌ ላይ በር አልዘጋ ሲል ቶሎ መላጊያ አታንሱ። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ነው ያበጠው፤ ጥቅምት ላይ ሲደርቅ ይኮማተርና በላጋችሁት በኩል ብርድና አቧራ ይገባል። መጀመሪያ ማጠፊያውን እዩ። ብሎኑ ላልቶ፣ በሩ ዘምሞ ብቻ ወለል የሚታከክ ስንት አለ! የብሎኑ ቀዳዳ ከሰፋ የክብሪት እንጨት ኮላ ቀብቶ መጠቅጠቅ፣ ሲደርቅ መልሶ ማሰር፤ አጥብቆ ይይዛል።

በጣም የሚያናድደኝ የበሩ የታች ጠርዝ ነገር ነው። ፊቱ በቫርኒሽ ያብረቀርቃል፣ ታቹ ግን እርቃኑን ይቀራል። እንጨት ውሃ በብዛት የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ በኩል ነው፤ ዋንዛም ይሁን ባህር ዛፍ። ክረምቱ ወጥቶ እንጨቱ በደንብ ሲደርቅ በሩን አውርዳችሁ ላይና ታቹን ደጋግማችሁ ቀቡት። አዲስ የምታሠሩ ደግሞ ሳይሰቀል በፊት አስቀቡት።