ሽማግሌውን ማን መረጠው?

ዴንቨርና ኦሮራ የምትኖሩ ሁሉ የሀቫና ጎዳናን ታውቁታላችሁ። መኪና ሻጩ በመኪና ሻጭ ላይ የተደረደረበት፣ መሃል መሃሉን ደግሞ ምግብ ቤት የገባበት መንገድ ነው። እኔም ባለፈው ወር ወደ ኤርፖርት ሰው እያመላለስኩ እንጀራዬን የምበላበትን አዲስ መኪና የገዛሁት በዚያው አካባቢ ነው። የ6 ዓመት ዕዳ አለብኝ ማለት ነው።

የድሮ ጋዜጠኛ ከደማቁ አርዕስት ይልቅ ደቃቁን ፊደል ይወዳል። በብድሩ ውል ጀርባ አንድ አንቀጽ አገኘሁ። ከአበዳሪው ጋር ጠብ ቢነሳ ነገሩ በግልግል ዳኝነት ያልቃል፤ ዳኛና ጁሪ ፊት አይቀርብም፤ ከሌሎች ጋር ተባብሮ መክሰስም አይቻልም ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ ይህን የማይፈልግ ገዢ በ30 ቀን ውስጥ በደብዳቤ ያስታውቅ ይላል። በስልክ አይቀበሉም።

ምን ይሻላል ብዬ በዕድሜ የሚበልጡኝን አንድ የታክሲ ሾፌር አማከርኳቸው። ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ሀገር ቤት ሽማግሌ ረግጦ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ምን ይባል ነበር? ሽምግልና ጠልተህ በፈረንጅ ችሎት ልትንከራተት?»

«ጋሼ፣ ሽማግሌውን ማን መረጠው?» አልኳቸው።

ለመሆኑ እኛ የምናውቀው ሽምግልና እንዴት ያለ ነው? ጠብ ከተነሳ በኋላ እኔም የማምናቸውን እጠራለሁ፣ ባላጋራዬም የሚያምናቸውን ይጠራል። ሽማግሌው ሁለታችንንም ያውቀናል፤ ነገ ለቅሶ ቤት ስለሚያገኘን ማዳላት ያፍራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በቁጥር 3335 ላይ፣ ከተዋዋዮቹ አንዱን በገላጋይ አመራረጥ የበላይ የሚያደርግ ውል አይጸናም ብሎ ነበር። (የግልግሉ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1237 ተተክቷል።) የእኔ ወረቀት ግን ጠብ ገና ሳይወለድ ገላጋይ ድርጅቱን በስም ጠርቶ አስቀምጦልኛል።

የአሜሪካው የግልግል ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የካሊፎርኒያ ባልና ሚስት፣ «በነፃ» ተብሎ ለተሰጠ ስልክ 30 ዶላር ከ22 ሳንቲም ታክስ ተጠየቅን ብለው ያነሱት ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ኩባንያው ረታ፤ በጅምላ መክሰስን የሚከለክለው ውል ጸና። ለ30 ዶላር ጠበቃ የሚያቆም ማን ነው? ኩባንያው ግን ሠላሳውን በሺህ አባዝቶ ያያል።

ከሁሉ የሚያስቀው የሻጮቹ ነገር ነው። የመኪና ፋብሪካዎች ያንኑ የግልግል አንቀጽ በሻጮቻቸው ውል ላይ ሲያስገቡባቸው፣ ሻጮቹ በደል ነው ብለው ለኮንግረስ አመለከቱ። ኮንግረስም እ.ኤ.አ. በ2002 ሰማቸው፦ በፋብሪካና በሻጭ መካከል ግልግል የሚኖረው ጠብ ከተነሳ በኋላ ሁለቱም በጽሑፍ ሲስማሙ ብቻ ነው ተባለ። ለገዢውስ? ስለ ገዢው የተባለ ነገር የለም።

እውነቱን ለመናገር ግልግል ሁልጊዜ ለኩባንያው አይበጅም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ12 ሺህ በላይ የኡበር ነጂዎች አንድ በአንድ የግልግል አቤቱታ አስገቡ። ለእያንዳንዱ መክፈቻ የሚከፍለው ኡበር ነበርና ሂሳቡ ከበደው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ146 እስከ 170 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ገንዘብ ከብዙዎቹ ጋር ተስማማ። ግልግል ፈጣን ነው፣ ርካሽም ሊሆን ይችላል። ባለቤቴም «አበዳሪው ቂም ቢይዝብህስ?» ብላ ነበር፤ ውሉ ግን አንቀጹን መተው ብድሩን አይነካም ይላል።

የወሰንኩት በአንድ ሂሳብ ነው። ዛሬ እምቢ ብል፣ ነገ ጠብ ሲመጣ ግልግሉ የሚሻል ከሆነ ሁለታችን ያኔ መስማማት እንችላለን። 30 ቀኑ ካለፈ ግን ወደ ችሎት የሚወስደኝ መንገድ ተዘጋ፤ የቀረልኝ ውሉ ራሱ የተወልኝ አነስተኛ ክስ የሚታይበት ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ እሱ የሚያየው እስከ 7,500 ዶላር ነው። መኪናዬ ከዚያ ይበልጣል።

ደብዳቤው አራት መስመር ሆነ፦ ስም፣ አድራሻ፣ የውሉ ቁጥር፣ «የግልግሉን አንቀጽ አልቀበልም» የሚል ቃል፣ ፊርማ። በ22ኛው ቀን በአደራ ደብዳቤ ላክሁት፤ ደረሰኙን ከኢንሹራንሱ ወረቀት ጋር አስቀምጫለሁ። የመኪና ሻጩ ለብቻው ያስፈረመኝ የግልግል ወረቀት ግን ሌላ ነው። ደጋግሜ አነበብኩት፤ የ30 ቀን መውጫ የለውም፤ እሱ እንደተፈረመ ይኖራል።