በገዛ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ፦ በኢትዮጵያና በእንግሊዝ

ኑዛዜ ለመጻፍ ጠበቃ መያዝ በኢትዮጵያም ሆነ በእንግሊዝ ግዴታ አይደለም። ሁለቱ አገሮች የሚለያዩት በማን ላይ እምነት እንደሚጥሉ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ የሟችን የእጅ ጽሑፍ ያምናል፤ የእንግሊዝ ሕግ ሲፈርም ያዩትን ሰዎች ያምናል። በአንዱ አገር ልማድ የተጻፈች ወረቀት በሌላው ችግር የሚገጥማት በዚህ ምክንያት ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረገውን ተናዛዡ ራሱ ወይም እሱ እየነገረው ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል። በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑም በጽሑፉ መገለጽ፣ ሁሉም እዚያው ወዲያውኑ መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ሰዎች ይበቃሉ።

ሁለተኛው በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረገው ነው። ምስክር አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገርና ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው፦ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። በሣጥን ውስጥ በጥንቃቄ ተጠብቆ የኖረ ኑዛዜ ያለ ማንም ጥፋት ይሞታል ማለት ነው።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፤ ሞት የቀረበ የመሰለው ሰው ለ2 ምስክሮች የሚናገረው። በዚህ ሊደረግ የሚችለው በጣም ጥቂት ነው፦ የቀብሩን ሥርዓት ማዘዝ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት መምረጥ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ መተው። ተናዛዡ ቢድን ደግሞ በ3 ወር ይፈርሳል። በመኝታው ዙሪያ የተቀመጡ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባት «ቤቱን ለእሷ ብያለሁ» ሲል ቢሰሙም ቤቱ በዚያ ቃል አይተላለፍም። ይህን ባለማወቅ የተጣሉ ወንድማማቾች ብዙ ናቸው።

በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው የ1837 እ.ኤ.አ. የኑዛዜ ሕግ ነው። ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት። ዕድሜው 18 የሞላ ሰው በእጁም ሆነ በኮምፒዩተር ቢጽፍ ለውጥ የለውም፤ ዋናው 2 ምስክሮች በአንድ ጊዜ በፊቱ ተገኝተው ሲፈርም ማየታቸውና እነሱም መፈረማቸው ነው። ይዘቱን ማወቅ አያስፈልጋቸውም። ሐበሻ ለምስክርነት የሚጠራው የቅርብ ዘመዱን ነው፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ምስክሩ ወይም የምስክሩ ባል ወይም ሚስት በኑዛዜው የሚሰጣቸው ነገር ካለ ኑዛዜው ይጸናል፣ ስጦታው ግን ይቀራል። ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ከእህት ይሻላል። ከኑዛዜው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም፣ ያን ጋብቻ ታሳቢ አድርጎ ካልተጻፈ በቀር፣ ኑዛዜውን ይሽረዋል።

ልጅን ከውርስ መንቀል የሚፈልግ ሰው በኢትዮጵያ ምክንያቱን በኑዛዜው መጻፍ ይኖርበታል። በእንግሊዝ ምክንያት ባይጠየቅም በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሠረት ልጅ ወይም በሟቹ ይጦር የነበረ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል።

ኑዛዜ ሳይኖር ሲቀር ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። በኢትዮጵያ የሕግ ወራሾች በቅድሚያ ልጆች ናቸው፤ የትዳር ጓደኛ የምትወስደው ከጋራ ንብረት የራሷን ድርሻ እንጂ የሟቹን ውርስ አይደለም። በእንግሊዝ ሟቹ ልጆች ካሉት ሚስት ወይም ባል የግል ዕቃዎቹን፣ ከሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጀመሪያውን 322,000 ፓውንድና የቀረውን ግማሽ ያገኛሉ። በእንግሊዝ ምድር በጸሎት ብቻ ተጋብተው በሕግ ሳያስመዘግቡ የሚኖሩ ግን እንደ ትዳር ጓደኛ አይቆጠሩም፤ ያለ ኑዛዜ ምንም ላይደርሳቸው ይችላል። ለእነዚህ ጥንዶች ኑዛዜ የቅንጦት ነገር አይደለም።

አዲስ አበባ ቤት፣ ለንደን ቁጠባ ያለው ሰው ለየአገሩ ለየብቻ ቢጽፍ ይሻለዋል። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝ ሕግ በሌላ አገር ሥርዓት የተደረገ ኑዛዜን ሊቀበል ይችላል፤ ሆኖም ያን ማስረዳት ትርጉምና የባለሙያ ምስክርነት ይጠይቃል። ሁለት ሲጻፍ አንዱ ሌላውን እንዳይሽር «የቀድሞ ኑዛዜዎቼን ሁሉ ሽሬአለሁ» የሚለው የተለመደ ዐረፍተ ነገር በዚያው አገር ንብረት ላይ ይወሰን። ባልና ሚስትም በአንድ ወረቀት ላይ አይናዘዙ፤ የኢትዮጵያ ሕግ እንዲህ ያለውን የጋራ ኑዛዜ ፈራሽ ያደርገዋል።

የእንግሊዙን ዋና ቅጂ ጥቂት ፓውንድ ከፍሎ በመንግሥት የፕሮቤት (የኑዛዜ ማጽደቂያ) መዝገብ ማስቀመጥ ይቻላል። በእጅ የተጻፈው የኢትዮጵያው ግን 7 ዓመት ሳይሞላው ወደ ውል አዋዋይ ወይም ወደ ፍርድ ቤት መዝገብ ይግባ።