ዕድሜዬን መርምርልኝ

የላሊበላ ታኅሣሥ ብርድ እንጂ ላብ አያውቅም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት። ከአሸተን ማርያምና ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ በር ሲያንኳኳ ያድራል፤ ጋቢ ሳይደርብ የሚተኛ የለም። በዚህ ብርድ ሌሊት ሌሊት ላብ የሚያጠምቀው ሰው ከተገኘ በሽተኛ ነው፣ ሌላ ፍቺ አይሰጠውም። እኔም ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በሽተኛ ሆንኩ።

የሚነሳብኝ ከደረቴ ነው። ሙቀቱ ወደ አንገቴ፣ ከአንገቴ ወደ ፊቴ ይወጣል፤ ጆሮዬ ይግላል፤ ልቤ ድው ድው ይላል። ጋቢውን ገፍፌ ቁጭ እላለሁ። ጥቂት ቆይቶ ላቡ ሲበርድ ደግሞ ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭ እንቀጠቀጣለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ኩራዝ ለኩሶ አብሮኝ ይቀመጥ ነበር። ኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እንቅልፍ ለእሱም ያስፈልገዋልና አልፈረድኩበትም።

ቀኑም አይምረኝም። የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት እንደቆምኩ ያ ሙቀት ይመጣል። «ቲቸር፣ ፊትዎ ቀላ» ትላለች ከፊት የተቀመጠችው ልጅ። ከዓመቱ መጀመሪያ አንስቶ በስማቸው የምጠራቸው ተማሪዎች ስማቸው ይጠፋኝና «አንተ ልጅ፣ አንቺ ልጅ» ማለት አመጣሁ። በትንሽ ነገር እቆጣለሁ፤ ከተቆጣሁ በኋላ ደግሞ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።

በዚያን ወቅት ለማንኛውም ሕመም የተዘጋጀ መልስ ነበረን፤ ጦርነቱ። ከተማችን በ2013 ዓ.ም. ክረምት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትቀያየር ከርማለች። ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ መድኃኒት አልቆ ያሳለፍነው ጊዜ ነው። መብራቱማ ተኩሱ ካበቃ በኋላም ለረጅም ጊዜ አልተመለሰም። ስለዚህ እንቅልፍ ያጣ ሁሉ «ድንጋጤው ነው» ይባላል፤ ልቡ የሚመታበትም፣ የሚረሳውም እንዲሁ። አባባሉ ውሸት አለመሆኑ ነው የከፋው። ልጇን ከቀበረች ጎረቤት አጠገብ ለቡና ተቀምጦ «እኔን ያልበኛል» ማለት ያሳፍራል። አፌን ይዤ ቆየሁ።

የወር አበባዬ መዛባቱ ግን ከድንጋጤው ጋር አልገጥም አለኝ። ከመጨረሻ ልጄ በኋላ የሦስት ወር መርፌ እወጋ ነበር። መርፌው ብዙ ሴት ላይ የወር አበባን ያጠፋል፤ እኔም ለዓመታት ደም ሳላይ ኖሬያለሁ። ጦርነቱ ሲገባ መርፌው ተቋረጠ። ከወራት በኋላ ደሙ ሲመለስ እንደ ድሮው አልሆነም። አንዴ ጠፍቶ ይከርማል፤ አንዴ ደግሞ ሳምንት አልፎት፣ ድርብ ሞዴስ እያሳለፈ ይፈሳል። የጠየቅኳት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ «የመርፌው ርዝራዥ ነው፣ ይስተካከላል» አለችኝ።

እኛ አገር ይህ የጤና ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ቀኗን የምታውቅ ሴት ንግሡንም፣ ክርስትናውንም፣ ተዝካሩንም በዚያ አስልታ ትኖራለች። ቀኗ የጠፋባት ሴት ግን ከደጅ ቀሪ ናት። የ2015 ዓ.ም. ገና ዋዜማ ነጭ ልብሴን አጥቤ፣ ነጠላዬን አጣጥፌ ከተኛሁ በኋላ ደሙ መጣ። በማግስቱ ታኅሣሥ 29 ካህናቱ ግማሾቹ ከቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ዓለት አፋፍ፣ ግማሾቹ ከታች ከግቢው ሆነው ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ፣ እኔ ከአፋፉ ሕዝብ ኋላ ቆሜ የከበሮውን ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ከዚያው ከቤተ ማርያም ግቢ ልጅ የተመኙ ሴቶች በገና የሚጠመቁባት ኩሬ አለች። መውለድ ለምትሻ ሴት ከዓለት ተፈልፍሎ የተበጀላት ስፍራ እንዳለ አሰብኩ። መውለድ ለሚያቆማት ግን ወዴት ሂጂ እንደምትባል የሚያውቅ አላገኘሁም።

እናቴ የብልባላ አካባቢ ሴት ናት። ነገሩ ሲገባት ሳቀች። «ምነው ልጄ፣ ሲሄድልሽ ታርፊያለሽ። እኔ የቆረብኩት ያኔ አይደል? እስከዚያው ተልባ ጠጪ፣ ያበርድልሻል።» እውነቷን ነው፤ በኛ ዘንድ ብዙ ሴት ደሙ ከቆመላት በኋላ ነው ለቁርባን የምትበቃው፣ ያሻት ዕለት የምትሳለመው። እኔ ግን ከሁለቱም አልሆንኩም። አልሄደልኝም፣ አልተቀመጠልኝም።

ክሊኒክ ሄድኩ። ካርዱን የተቀበለኝ ወጣት «ማዘር፣ ያተኩስዎታል?» አለኝ። «አያተኩሰኝም፣ ያግለኛል» ብለውም ደም እንድሰጥ አዘዘኝ። ውጤቱ «ታይፎይድና ታይፈስ» ሆነ። በሀገራችን ይህን ያልተባለ ሰው ስንት ይኖራል? ዊዳልና ዌይል-ፊሊክስ የሚባሉት ምርመራዎች የሚያዩት ሰውነት ለተሕዋሲው ያዘጋጀውን መከላከያ ነው፤ ያ መከላከያ ደግሞ ከድሮ ሕመምም፣ ከሌላ ተሕዋሲም ሊቀር ይችላል። አንድ ጊዜ በተቀዳ ደም ብቻ «ዛሬ ታመሃል» ማለት አይቻልም። ሲፕሮውንም ዶክሲሳይክሊኑንም ጨረስኩ፤ ጨጓራዬ ተቃጠለ፤ ላቡ እንደነበረ ቀጠለ።

ሌላ ቦታ አክታዬን መረመሩ፤ ነፃ ሆንኩ። ይህንን አልነቅፍም፤ የሌሊት ላብ የሳንባ ነቀርሳም ምልክት ነውና መጠርጠሩ ተገቢ ነው። ቅር ያለኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። «ማረጥ ሲዳረስ የሚመጣ ነገር ቢሆንስ?» ብዬ ራሴ ጠየቅሁ። «ደም እያዩ? ማረጥ ማለትኮ ደሙ ሲቆም ነው፤ ገና ነዎት» ብሎ እዚያ ያየኝ ሐኪም ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ያየኝ ጠና ያለ ሐኪም ደግሞ ከካርዱ ላይ ቀና ሳይል «ዕድሜ ነው እናቴ፣ ይለምዱታል» ብሎ ቫይታሚንና የእንቅልፍ ኪኒን ጻፈልኝ። ለአንደኛው ገና ነኝ፣ ለሌላው አልፎብኛል። እኔ ያለሁበትን መካከሉን የሚያይ ጠፋ።

በሁሉም ቦታ የተጠየቅሁት አንድ ዓይነት ነው፤ ስንት ወለድሽ? ነፍሰ ጡር ነሽ? መከላከያ ትወስጃለሽ? የምንኮራበት የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 ፓኬጆች ነበሩት። የእናቶችና የሕፃናት ጤና፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የወጣቶች ሥነ ተዋልዶ በውስጡ አሉ፤ ብዙ እናት ከሞት ተርፋበታለች። ከወሊድ ዕድሜ የምትወጣ ሴት ግን የራሷ ፓኬጅ አልተመደበላትም። እኔ ራሴ በትምህርት ቤታችን የሴቶች ክበብ ተጠሪ ነኝ፤ ለልጆቹ ስለ መጀመሪያው ደም አስተምራለሁ፣ የሞዴስ ክፍሉን ቁልፍ የምይዘው እኔ ነኝ። ስለ መጨረሻው ደም የሚያስተምር መጽሐፍም ክበብም በእጄ አልገባም።

ያን ጊዜ ያረጀ ማርክ ሊስት አወጣሁ። በተማሪ ስም ቦታ ቀን፣ በውጤቱ ቦታ ላቡ የመጣበትን ሰዓት፣ ደም የታየበትን ዕለትና የቀየርኩትን ሞዴስ ብዛት መጻፍ ያዝኩ። እንቅልፍ ያጣሁበትን ሌሊት በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩ። ቃሌን የማይቀበል ሐኪም ወረቀት ይቀበል ይሆናል ብዬ ነው።

በመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ደሴ ወደምትኖረው እህቴ ተሳፈርኩ። በጋሸና በኩል አድርገን፣ በጦርነቱ የተቃጠሉ ተሽከርካሪዎችን እያለፍን፣ የድልብን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደን ወልድያ፣ ከዚያ ደሴ ገባን። እህቴ አንዲት የማኅፀን ሐኪም አግኝታልኝ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ የማኅበረሰብ ጤና መድን የለኝም፤ የምርመራውን የከፈልኩት ከኪሴ ነው።

ሐኪሟ ማርክ ሊስቱን ተቀብላ ገጽ በገጽ አነበበችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠየቀችኝ። ደሙ ጓል አለው? ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽ ላቡ ነው ወይስ ሐሳቡ? መገጣጠሚያሽን ያምሻል? ሽንት ያጣድፍሻል? ከባለቤትሽ ጋር ስትገናኙ ያምሻል? የመጨረሻውን እስከዚያ ቀን እናቴም፣ ጓደኛዬም፣ ሐኪምም ጠይቆኝ አያውቅም። መልሱን ስናገር አንገቴን ደፋሁ፤ እሷ ግን እንደማንኛውም የጤና ነገር ጻፈችው።

ምርመራ አዘዘች፤ የእያንዳንዱን ምክንያት ግን ነገረችኝ። መጀመሪያ እርግዝና። «በ47 ዓመቴ?» አልኩ። «ደም እስካየሽ ድረስ ይቻላል። መከላከያም ገና ያስፈልግሻል» አለች። ቀጥሎ የእንቅርት ዕጢ፤ ከመጠን በላይ ሲሠራ እሱም ያልባል፣ ልብ ይመታል፣ ያነጫንጫል። የደም ማነስ፣ የስኳርና የደም ግፊት ተከተሉ። ደሙ ስለበዛ ማኅፀኔን በአልትራሳውንድ አየችው። የሆርሞን ምርመራ ለምን እንዳላዘዘች ስጠይቃት፣ ከ45 ዓመት በላይ ላለች ሴት በዚህ ጊዜ ሆርሞኑ ከቀን ቀን ስለሚዋዥቅ የአንድ ቀን ቁጥር ብዙም እንደማይናገር፣ ከዚያ ይልቅ የማርክ ሊስቱ ታሪክ እንደሚበልጥ አስረዳችኝ።

እርግዝና የለም፤ እንቅርቴ ደህና ነው፤ ደሜ ግን አንሷል። «ያለሽበት የማረጥ መዳረሻ ነው» አለችኝ። «አረጠች የምንለው 12 ወር ሙሉ ደም ሳታይ ስትቀር ነው፤ ምልክቶቹ ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት ሊመጡ ይችላሉ። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ከፍ ዝቅ ሲል የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ይደነግጣል፤ ጥቂት ሙቀት ብዙ መስሎት ያልብሻል።» ጦርነቱንም አልተወችውም። ጭንቀት እንቅልፍንና ሙቀቱን እንደሚያባብስ፣ አንዱ መኖሩ ግን ሌላውን እንደማይሽር ነገረችኝ። ይህን የምለይበት ቃል ነበር ያጣሁት።

ስለ ሆርሞን ሕክምና ጠየቅኋት። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥናት የጡት ካንሰርንና የደም መርጋትን አንሥቶ ሐኪሙንም ሴቱንም አስፈርቶ እንደነበር፣ ዛሬ ግን ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆነ፣ የጡት ካንሰርም የደም መርጋትም ለሌለባቸውና ምልክቱ ለከበደባቸው ሴቶች ጥቅሙ ብዙ ጊዜ እንደሚያመዝን አስረዳችኝ። ትእዛዙን ይዤ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርኩ፤ «የለም» ተባልኩ። ተመልሼ ስነግራት ሙቀቱን የሚቀንስ ሌላ ኪኒን ጻፈችልኝ። ለድብርት የሚሰጥ ዓይነት መሆኑን ስሰማ ፊቴ ሳይለወጥ አልቀረም። «አብደሻል ማለቴ አይደለም» አለች፤ «በትንሽ መጠን ያንኑ የአንጎል ክፍል ያረጋጋል።» ደሙን የሚቀንስ መድኃኒትና የብረት ኪኒንም ጨመረችበት፤ ብረቱን ከሻይና ከቡና አርቄ እንድወስድ አስጠነቀቀችኝ። የእናቴን ተልባ አልከለከለችም።

ሙቀቱ ጨርሶ አልጠፋም። ግን እየራቀ፣ እየሳሳ ሄደ፤ ሌሊቱን በአብዛኛው መተኛት ቻልኩ። የተማሪዎቼ ስም ተመለሰልኝ። ባለቤቴን አስቀምጬ ሐኪሟ ያለችኝን ሁሉ ነገርኩት። «ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ ታይፎይድ ነው ሲሉሽ የነበረው ለምንድን ነው?» ብሎ ከእኔ በላይ ተናደደ።

ወር በገባ በ21 የማርያም ማኅበር አለን። ጠላው ተቀድቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ ወንዶቹ ወደ ውጭ ሲወጡልን ማርክ ሊስቱን ይዤ ነገሩን አወራሁ። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ «እኔምኮ መስኮት ከፍቼ ነው የማድር» አለች። ሌላዋ ነርቭ ነው ተብላ ስንት ጠበል እንደዞረች ተናገረች። ከሁላችን ጠና ያለችው ደግሞ ደሙ ከቆመላት ሁለት ዓመት አልፎ ሰሞኑን እንደገና ማየቷን አነሳችና «ልጅነቴ ተመለሰ መሰለኝ» ብላ አሳቀችን።

እኔ አልሳቅኩም። ዓመት ሙሉ ቆሞ የተመለሰ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ ሳይመረመር እንደማይታለፍ ሐኪሟ ጠንቅቃ ነግራኛለች። ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የማኅፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ይሆናል፣ በጊዜው ከተደረሰበትም ይታከማል። እንዲሁ ነገርኳት።

«እሱማ እሄድ ነበር» አለች። «ዕድሜሽ ነው ብሎ ቢመልሰኝሳ?»

«እንግዲያው ዕድሜዬን መርምርልኝ በይው!»

ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል አብሬያት ተሰለፍኩ። ሐኪሙ ዘንድ ስትገባ ያልኳትን ቃል በቃል ብላዋለች፤ የአልትራሳውንድ ትእዛዙን ይዛ ነው የወጣችው።