የታጠፈ አንገት ስንት ነጥብ ያወጣል?

የፓሪስ ኦሎምፒክ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ስድስት የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያላት እንግሊዛዊቷ ፈረሰኛ ሻርሎት ዱጃርዲን ራሷን ከውድድሩ አገለለች። ምክንያቱ አንድ የቆየ ቪዲዮ ነበር። ተማሪዋ የተቀመጠችበትን ፈረስ፣ እሷ መሬት ላይ ቆማ፣ እግሩን በረጅም አለንጋ ደጋግማ ስትመታ ያሳያል። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ለአንድ ዓመት አገዳት፤ 10,000 የስዊዝ ፍራንክም ቀጣት።

ዜናው ዓለምን አዳረሰ። የአብዛኞቹ ፈረሶች ኑሮ ግን ካሜራ በማይደርስበት፣ በታችኛው እርከን ላይ ነው።

ስፖርቱ ድሬሳዥ ይባላል። ጋላቢው ፈረሱን በአጥር በተከለለ ሜዳ ውስጥ፣ አስቀድሞ በወረቀት በተጻፈ ቅደም ተከተል ያስኬደዋል። ዳኛው ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል፤ ድምሩ በመቶኛ ይወጣል። በብሪታንያ በመግቢያው ደረጃ የሚጠየቀው እርምጃና ሶምሶማ ብቻ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ውለው በእረፍት ቀናቸው አንድ ፈረሳቸውን ጭነው የሚመጡ ተራ ሰዎች ናቸው። ዳኛውም ብዙ ጊዜ በሜዳው ጫፍ በቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ አጠገቡ ላለው ጸሐፊ ነጥብ እየነገረ ይፈርዳል።

ችግሩ ያለው አንገቱ ላይ ነው። በደንብ የሠለጠነ ፈረስ የኋላ እግሩን ወደ ሆዱ ያስገባል፣ ጀርባውን ያነሳል፣ አንገቱ በራሱ ጊዜ ቅስት ይሆናል፤ ግንባሩና አፍንጫው ግን ከቀጥታው መስመር ጥቂት ቀደም ብለው ይቆያሉ። ይህ ዓመታት ይወስዳል። አቋራጩ ግን ደቂቃ አይፈጅም፤ ዛቡን ግራና ቀኝ እያፈራረቁ መጎተት ነው። ልጓሙ አፉን ሲቆረጥመው ፈረሱ አገጩን ወደ ደረቱ ይሸጉጣል። ከሩቅ ያምራል። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ጭራው ያለ ዝንብ ይወራጫል፣ አፉ ሊከፈት ይታገላል፤ እንዳይከፈትም የአፍንጫው ማሰሪያ ጠበቅ ይደረጋል።

ለዚህ አንገት 7 የሰጠ ዳኛ አስተምሯል። በሚቀጥለው ሳምንት አጥሩ ላይ ቆመው ያዩት ሁሉ ዛብ ይጎትታሉ።

«ጀማሪዎች ናቸው፣ በነጥብ ካሸማቀቅናቸው ማን ይመጣል?» የሚለው ክርክር ከንቱ አይደለም። ኮርቻ ላይ የሚነጥር፣ እጁ ያልረጋ ጋላቢ ጨካኝ አይደለም፤ ጊዜ ይፈልጋል። ግን እኮ አንገቱን ዘርግቶ ዘና ብሎ የሚሄደውን የማያምር ፈረስ 7፣ በጉልበት የታጠፈውን 4 ማድረግ ማንንም አያባርርም። የሚቀይረው ተሸላሚውን ብቻ ነው።

ብዙ ባለቤቶች ሕመምን ከእልኸኝነት አይለዩም። እንግሊዛዊቷ የእንስሳት ሐኪም ሱ ዳይሰን ከባልደረቦቿ ጋር ያዘጋጀችው ዝርዝር 24 ምልክቶች አሉት፤ የጆሮ ወደ ኋላ መጣበቅ፣ የተደጋጋመ የራስ መወራጨት፣ የዓይን መፍጠጥ፣ ሌሎችም። ተጋላቢ ፈረስ ላይ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከታዩ አንድ ቦታ እያመመው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። «ይሄ ተንኮለኛ» እየተባለ አለንጋ የሚቀምሰው ፈረስ ምናልባት ኮርቻው አልገጠመውም፣ ወይም ወገቡን ያመዋል።

ጀርባው ቆስሎ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ በየከተማችን እያለ፣ የእንግሊዝ ፈረስ አንገት ምን አገባን የሚል ይኖራል። ነገሥታቱን አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ በፈረስ ስም ለጠራ አገር ጥያቄው ትንሽ ያሳፍራል። ለማንኛውም ባለጋሪው ቢያንስ የልጆቹን ዳቦ ያነሳል። የእሁድ ጋላቢው የሚያነሳው የሪባን ሽልማት ነው።

ፌዴሬሽኑ በ2025 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር የአፍንጫ ማሰሪያን ጥብቀት የሚለካ መሣሪያ በራሱ ውድድሮች ላይ ሥራ ላይ አውሏል። መልካም ነው። ግን ጉተታው የሚበዛው ከውድድሩ በፊት፣ በማሟሟቂያው ሜዳ ነው፤ ትልልቆቹ ውድድሮች እዚያ ተቆጣጣሪ ያቆማሉ፣ በትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ማንም የለም። «በቃ፣ ውረድ» የማለት ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ለማቆም አዘጋጆቹ የሚያወጡት የአንድ ወንበርና የአንድ አንጸባራቂ ሰደርያ ዋጋ ነው።