ተራችን መቼ ነው?

ፕሌይስቴሽን ቤት ያደግን ልጆች የምናውቀው ሕግ አንድ ነው፤ ክፍያ በጌም፣ የተሸነፈ ይነሳ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው፣ በሦስት ሲዲ የመጣው «ፋይናል ፋንታሲ 7» እዚያ ቤት ምን ዕድል አለው? ጀግናው ተራው እስኪደርስ ቆሞ ይጠብቃል። ታሪኩ ከ30 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሜሞሪ ካርዷ ደግሞ ያላት 15 ቦታ ብቻ ነው፤ ትናንት ሴቭ ባደረግነው ላይ ዛሬ አንዱ የኳስ ሊጉን ይጭንበታል። መጨረሻውን ያየ ከመሃላችን የለም።

ይህን ጌም የሚያስታውሰን፣ አትሳቁብን፣ መንዝ ነው። ዘመድ ጥየቃ መሐል ሜዳ የሄድን ሁሉ ጓሳን እናውቀዋለን፤ ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ጉም፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጅብራ። ቀይ ቀበሮዋ ጭላዳ መንጋ መሃል ገብታ አይጥ ታድናለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ እንዲህ ስታደርግ 67 በመቶው ሙከራዋ ይሳካል፤ ያለ ጭላዳ 25 በመቶው ብቻ። ጌሞቹ «ፓርቲ» የሚሉት ይኸው አይደል?

ተራ መጠበቁንም መንዞች ያውቁበታል። በቀሮ ሥርዓት የጓሳ ሣር ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆይና ነበር የሚከፈተው፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪያፈርሰው ድረስ።

እዚሁ አገር የተሠራውን «ኩኩሉ»ን ተጫውተናል፤ ዶሮዋን እንወዳታለን። ግን የእሷም ሥራ ሩጫ ነው። እኛ የናፈቀን በርኖስ የለበሰ ጀግና ጓሳ ላይ ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ ማየት ነው። ስልኩ አሁን በእጃችን ነው፤ ሴቭ ያደረግነውን ማንም አያጠፋብንም።